የእርዳታ አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት፦ ሕጉ፣ ማረፊያው እና ዝግጅቱ

ድርቅ ሲጸና፣ ተራራ ሲናድ ወይም የክረምት ወንዝ ድልድይ ይዞ ሲሄድ በየቀበሌው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም፤ «አውሮፕላን ለምን አይላክም?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን አውሮፕላንና እህል በመኖራቸው ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከሌላ አገር የሚነሣ የእርዳታ አውሮፕላን የአየር ክልል ለማቋረጥ ፈቃድ፣ ክብደቱን የሚሸከም ማኮብኮቢያ፣ ካረፈ በኋላ የሚቆምበት ሥፍራ፣ ጭነቱን የሚያወርድ መሣሪያ፣ ለመመለሻው ነዳጅ፣ የወረደውንም ቆጥሮ የሚረከብ ሠራተኛ ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የሌሎቹ መሟላት እምብዛም አይጠቅምም። አብዛኞቹም በአደጋው ዕለት የሚፈጠሩ ሳይሆኑ ከዓመታት በፊት የሚሠሩ ናቸው።

በአየር የሚመጣው ምን ያህል ነው?

በመጀመሪያ ልኩን ማወቅ ይበጃል። በብዙ አገሮች ለእርዳታ ሥራ የሚያገለግለው ሲ-130 ሄርኩለስ የተባለው የጭነት አውሮፕላን ሃያ ቶን ገደማ ይሸከማል፤ በእኛ አቆጣጠር 200 ኩንታል መሆኑ ነው። በአገራችን መንገዶች የሚመላለሰው ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና 400 ኩንታል ይጭናል። ለአንድ ተረጂ በወር የሚሰጠው እህል 15 ኪሎ ግራም ነው ብለን ብናሰላ፣ 100 ሺህ ተረጂዎች ያሉበት ወረዳ በወር 15 ሺህ ኩንታል ያስፈልገዋል። ይህን ለማድረስ የሄርኩለስ 75 ምልልስ ይጠይቃል፤ በመኪና ግን 38 ጭነት ይበቃል። ነዳጁና የበረራ ሠራተኛው ሲታሰብ የዋጋው ልዩነት ከዚህም እጅግ የሰፋ ነው።

ስለዚህ መንገድ ባለበት ቦታ እህልን በአውሮፕላን ማመላለስ የመጨረሻው አማራጭ ነው። አውሮፕላን ዋጋውን የሚያወጣው ክብደቱ ቀላል፣ ጥቅሙ ግን ከባድ የሆነውን ሲጭን ነው፤ መድኃኒት፣ በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጥ አልሚ ምግብ፣ የውኃ ማከሚያ፣ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች እና በፍርስራሽ ውስጥ ሰው የሚፈልጉ ቡድኖች ከዚህ ወገን ናቸው። መንገድ ፈጽሞ ሲቆረጥ ደግሞ እህልም ቢሆን ይጫናል።

አርሶ አደሩን በቀጥታ የሚመለከተው የዘር ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በድርቅ ምክንያት ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ሲመለስ የሚዘራው ካላገኘ ተረጂነቱ ለሌላ ዓመት ይቀጥላል። ስንዴ በሄክታር 150 ኪሎ ግራም ቢዘራ የአንድ ሄርኩለስ ጭነት 133 ሄክታር ብቻ ይሸፍናል። ጤፍ በሄክታር 25 ኪሎ ግራም ቢዘራ ግን ያው ጭነት ለ800 ሄክታር ይበቃል። የዘር ወቅት ሊያልፍ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የትኛው ሰብል በአየር፣ የትኛው በመኪና ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ይህ ስሌት ነው። በእኔ እይታ የእርዳታ በረራ ዕቅድ ሲወጣ የግብርና ባለሙያ ከጠረጴዛው ዙሪያ መጥፋት የለበትም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው?

የዓለም ሲቪል አቪዬሽን ሕግ መሠረቱ ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የተፈረመው ስምምነት ነው። የስምምነቱ የመጀመሪያ አንቀጽ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው የአየር ክልል ሙሉና ብቸኛ ሉዓላዊነት እንዳለው ይደነግጋል። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት፣ መቀመጫውን ሞንትሪያል ያደረገው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የተቋቋመው በዚሁ ስምምነት ነው። ድርጅቱ አባል አገሮች የሚመሩባቸውን ደረጃዎች በተቆጠሩ አባሪዎች አውጥቷል።

ከአባሪዎቹ ዘጠነኛው የድንበርና የጉምሩክ ሥርዓትን ስለማቀላጠፍ የሚናገር ሲሆን፣ ለእርዳታ በረራዎች የተለየ ክፍል አለው። በተባበሩት መንግሥታት እውቅና ያላቸው ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ወይም መንግሥታት የሚልኳቸው የእርዳታ አውሮፕላኖች ወደ ግዛት ሲገቡ፣ ሲወጡና ሲያልፉ አባል አገሮች እንዲያመቻቹላቸው፣ ደኅንነታቸውንም ለመጠበቅ የሚቻለውን ሁሉ እንዲያደርጉ ያዛል። ሰዎቹና ዕቃዎቹም ሳይዘገዩ ፍተሻቸው እንዲያልቅ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ደንቡ ፈቃድን አያስቀርም። የእርዳታ በረራው ከተቀባዩ አገር ጋር ስምምነት ከተደረሰ በኋላ በተቻለ ፍጥነት ይጀመር ነው የሚለው። ሳይጠየቅና ሳይፈቀድለት «እርዳታ ይዣለሁ» ብሎ ድንበር የሚያቋርጥ አውሮፕላን ሕግ ይጥሳል። የጦር ኃይል አውሮፕላን ከሆነ ጉዳዩ ይጠብቃል፤ የቺካጎ ስምምነት በሲቪል አውሮፕላን ላይ እንጂ በወታደራዊው ላይ የማይሠራ በመሆኑ፣ ወታደራዊው ያለ ልዩ ፈቃድ የሌላን አገር ሰማይ ማቋረጥ አይችልም። ትልልቅ አደጋዎች ሲደርሱ ቀድመው የሚነሡት የጭነት አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የጦር ኃይሎች ንብረት ናቸውና ይህ ፈቃድ በሰዓታት ወይስ በቀናት ያልቃል የሚለው የሰው ሕይወት ያለበት ጥያቄ ነው።

በአገራችን የአየር ክልሉን የሚቆጣጠረውና በረራ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። አውሮፕላን ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው ከ2009 ዓ.ም ወዲህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሲሆን፣ አደጋን የመከላከልና እርዳታን የማስተባበር ሥራ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ድርሻ ነው። የጉምሩክ ኮሚሽን ዕቃውን፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መድኃኒቱን ይመለከታሉ። ተቋማቱ ብዙ ናቸው። አደጋ ከመድረሱ በፊት ማን ለማን እንደሚደውል በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ በዚያ ቀን የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይሆንም።

ጦርነት ሲኖር ደግሞ ወረቀቱ ሁሉ ተሟልቶም በረራው ላይሳካ ይችላል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም ወደ መቀሌ ያቀና የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ አየር አገልግሎት አውሮፕላን ሳያርፍ ተመልሶ፣ በረራው ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ ላሊበላና ኮምቦልቻ ይደረጉ የነበሩ መደበኛ በረራዎች መቋረጣቸውን አንባቢ ያስታውሳል። የአየር እርዳታ የሚሠራው አብራሪው በሰላም ማረፍና መነሣት እንደሚችል ሲታመንበት ነው።

የ1977ቱ ትምህርት

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለችም። በ1977 ዓ.ም ረሃብ የብዙ አገሮች አውሮፕላኖች በአንድ ሰማይ ላይ ተገናኝተው ነበር። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለሶች ከጥቅምት መጨረሻ ጀምረው ከአንድ ዓመት በላይ እህል አመላልሰዋል። የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎች፣ የሶቪየት ኅብረት አንቶኖቮች እና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም ነበሩ። ዓለም በቀዝቃዛው ጦርነት ለሁለት በተከፈለበት ዘመን የሁለቱም ወገን አብራሪዎች ለአንድ ሥራ ተሰልፈው ነበር።

ማረፊያ በሌለባቸው ደጋ ቦታዎች እህሉ ከአየር ይጣል ነበር። አውሮፕላኑ ከመሬት በጥቂት ሜትሮች ከፍታ ላይ እያለፈ ጆንያውን ያለ ጃንጥላ ይለቀዋል። ጆንያው መሬት ሲመታ እንዳይፈነዳ በሌላ ጆንያ ውስጥ ደግሞ ይታሸጋል፤ የውስጠኛው ቢቀደድ እህሉ በውጪኛው ውስጥ ይቀራል። ለመጣያው የሚመረጠው ቦታ ሜዳማ፣ ከሰውና ከእንስሳ ነጻ፣ ከአየርም በግልጽ የሚታይ መሆን ነበረበት። ሄሊኮፕተሮቹ ቀድመው ደርሰው ቦታውን ያዘጋጁና ምልክት ያደርጉ ነበር። የጆንያ ናዳ ሰው ይገድላልና የመሬቱ ሥራ ከአየሩ ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የደጋ አየር የሚያስከፍለው ዋጋ

ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና ኮምቦልቻ ያሉት አውሮፕላን ማረፊያዎች አራቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው። ለሰው ጤና የሚስማማው ይህ ደጋ ለጭነት አውሮፕላን ፈተና ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ክንፉን በደንብ አያነሣም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረዘም ላለ ርቀት መንደርደር አለበት።

ዓለም አቀፉ ድርጅት ለዲዛይን የሚጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የማኮብኮቢያው ርዝመት በ7 በመቶ ይጨመራል። በባሕር ጠለል ላይ 2,000 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ 42 በመቶ ተጨምሮለት 2,840 ሜትር ይፈልጋል ማለት ነው። ሙቀት ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ለዚያ ከፍታ እንደ መነሻ የሚወሰደው የአየር ሙቀት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዲግሪ 1 በመቶ ይታሰባል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 24 ዲግሪ ቢደርስ የሚያስፈልገው ርዝመት ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። የከፍታውና የሙቀቱ ጭማሪ አንድ ላይ ከ35 በመቶ ሲያልፍ ለዚያ ቦታ የተለየ ጥናት እንዲደረግ ድርጅቱ ይመክራል። የእኛ ደጋ ማረፊያዎች በከፍታቸው ብቻ ያንን መስመር ያለፉ ናቸው።

ማኮብኮቢያው አጭር ሲሆን አብራሪው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ጭነት መቀነስ ወይም አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ማለዳ መነሣት። እርዳታ ይዞ የሚመጣ አውሮፕላን አንድ ዕድል አለው፤ የሚያርፈው ጭኖ፣ የሚነሣው ባዶውን ነው። ሆኖም ለመመለሻው ብዙ ነዳጅ መቅዳት ካለበት ይህ ጥቅም ይጠፋል። ባዶ ተመላሽ አውሮፕላን ቁስለኞችን ይዞ እንዲወጣ ሲታሰብም ስሌቱ እንደገና ይሠራል። ሄሊኮፕተርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም፤ በቆላ አራት ቶን የሚያነሣው በስሜን ተራሮች አናት ላይ ያንኑ አያነሣም።

ከርዝመቱ ቀጥሎ ጥንካሬው ይመጣል። እያንዳንዱ ማኮብኮቢያ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም በቁጥር ይገለጻል፤ ከኅዳር 2017 ዓ.ም ጀምሮም ዓለም አቀፉ የአገላለጽ ሥርዓት በአዲስ ተተክቷል። ቁጥሩን የሚያልፍ አውሮፕላን ለአንድ ቀን ቢፈቀድለትም፣ በተደጋጋሚ ካረፈ አስፋልቱን ይሰነጥቀዋል። ትልቅ አውሮፕላን በብዛት በማሳረፍ ብዙ እርዳታ ማስገባት ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ማጤን አለበት፤ የተሰነጠቀ ማኮብኮቢያ ትንሹንም አውሮፕላን ይከለክላል።

እሳት ማጥፊያም ሌላ ገደብ ነው። ማረፊያዎች በእሳት አደጋ መከላከል አቅማቸው ከ1 እስከ 10 በደረጃ ይመደባሉ፤ ደረጃው የሚወሰነው በሚያርፈው አውሮፕላን ርዝመትና በአካሉ ስፋት ነው። የእሳት አደጋ መኪናው የትኛውም የማኮብኮቢያ ጫፍ በሦስት ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ይጠበቃል። ደስ የሚለው ነገር ወደ ክልል ከተሞች የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 እና ሄርኩለስ በርዝመታቸው በአንድ መደብ፣ በደረጃ 6 የሚወድቁ መሆናቸው ነው። ለመደበኛው መንገደኛ የተዘጋጀ የእሳት አደጋ ቡድን ለሄርኩለስም የቀረበ ዝግጅት አለው። 63 ሜትር ለሚረዝመው የቦይንግ 777 ጭነት አውሮፕላን ግን ደረጃ 9 ነው የሚጠየቀው፤ ሰው ሳይዝ ጭነት ብቻ ለሚያመላልስ አውሮፕላን ደረጃው ዝቅ እንዲል የሚፈቅድ አሠራር ቢኖርም።

አንድ ማኮብኮቢያ፣ መቶ አውሮፕላን

የሄይቲ ዋና ከተማ ፖርቶፕረንስ ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም በርዕደ መሬት ስትፈርስ አውሮፕላን ማረፊያዋ የነበራት አንድ ማኮብኮቢያ ነው። የመቆጣጠሪያ ማማው ከጥቅም ውጪ ሆነ። የአሜሪካ አየር ኃይል ባለሙያዎች ከአደጋው በኋላ በሁለተኛው ቀን ደርሰው፣ ከማኮብኮቢያው ዳር ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግተው በእጅ ሬዲዮ በረራ መምራት ጀመሩ። ማረፊያው ከአቅሙ ብዙ እጥፍ በላይ፣ በቀን ከ100 የሚበልጡ በረራዎችን እስከማስተናገድ ደረሰ።

ችግሩ የተፈጠረው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መቆሚያው ሲሞላ አዲስ መጪዎች በሰማይ ላይ እየዞሩ ነዳጃቸውን ይጨርሱ ነበር። ለእያንዳንዱ በረራ የማረፊያ ሰዓት ድርሻ መስጠት ግድ ሆነ፤ ይህም ማን ይቅደም የሚለውን ጥያቄ አመጣ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን 12 ቶን የሕክምና ዕቃ የጫነ አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ እንዳያርፍ ተደርጎ መመለሱን በይፋ ተናግሮ አማርሯል። ቁስለኞች ቀዶ ሕክምና በሚጠብቁበት ሰዓት፣ የማረፊያ ቅደም ተከተል የሚያወጣው ሰው ሳያውቀው የሐኪምን ሥራ ይሠራል። ይህ ሥልጣን በማን እጅ እንዲሆንና በምን መመዘኛ እንዲሠራበት አስቀድሞ አለመወሰኑ የሄይቲ ትልቁ ጉድለት ይመስለኛል።

በኢንዶኔዥያዋ ፓሉ ከተማ መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም የሆነው ደግሞ የተለየ ነው። ምድር ስትንቀጠቀጥ የ21 ዓመቱ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ አንቶኒየስ ጉናዋን አጉንግ ማማውን ለቅቆ አልወረደም፤ መንገደኞች የያዘው አውሮፕላን ከመሬት እስኪላቀቅ ጠበቀ። አውሮፕላኑ ተነሣ፤ እርሱ ከማማው ዘሎ በደረሰበት ጉዳት ሕይወቱ አለፈ። ስለ ዝግጅት ሲወራ ሕንፃና አስፋልት ይቆጠራል፤ የማረፊያው ሠራተኞችም የአደጋው ሰለባ እንደሚሆኑ፣ በማግሥቱም ተተኪ እንደሚያስፈልጋቸው ግን ይዘነጋል።

የካትማንዱ ጭነት

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ኔፓል ነው፤ ተራራማ፣ ወደብ የሌላት፣ ሕዝቧም በአብዛኛው አራሽ የሆነ አገር ናት። ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም በመጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት ወደ 9 ሺህ የሚጠጋ ሰው ገደለ። ትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች የሚቀበለው ዓለም አቀፍ ማረፊያዋ አንድ ብቻ፣ የካትማንዱው ትሪቡቫን ነበር፤ እርሱም ባለ አንድ ማኮብኮቢያ ነው።

ኔፓል ግን ባዶ እጇን አልነበረችም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እና የዲኤችኤል ኩባንያ ማረፊያዎችን ለአደጋ የሚያዘጋጅ ሥልጠና ለሠራተኞቹ አስቀድመው ሰጥተው ነበር። ከሁሉ የጠቀመው ደግሞ በማረፊያው አጠገብ የተሠራው የእርዳታ ዕቃ ማቆያ ሥፍራ ነው። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ ያዘጋጀው ይህ ሥፍራ ሥራ የጀመረው ከርዕደ መሬቱ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ከአውሮፕላን የወረደው ዕቃ መቆሚያውን ሳያጣብብ ወደዚያ ይወሰድና ተለይቶ በመኪና ይጫን ነበር። መጋዘንና የታጠረ ግቢ እንጂ ልዩ ጥበብ የለውም፤ ዋጋው የነበረው በጊዜው መገኘቱ ነው።

ችግሩ በሌላ በኩል መጣ። የማኮብኮቢያው አስፋልት በከባድ አውሮፕላኖች ምልልስ ተጎድቶ፣ አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ከ196 ቶን በላይ የሚመዝኑ አውሮፕላኖች እንዳያርፉ ተከለከለ። ዕቃውም በጉምሩክ ዘንድ ተከማቸ። የተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪ የሰላም ጊዜ የጉምሩክ አሠራር ለዚህ ጊዜ አይሆንም ብለው ወቀሱ። የኔፓል የገንዘብ ሚኒስትር በበኩላቸው አገራቸው የሚያስፈልጋት እህል፣ ጨውና ስኳር ሆኖ ሳለ የታሸገ የቱና ዓሣና ማዮኔዝ እየተላከላት መሆኑን ተናገሩ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ያልተጠየቀ ዕቃ የጫነ አውሮፕላን የሌላውን የማረፊያ ሰዓት ይሻማል፣ መቆሚያ ይይዛል፣ የሚያወርደውን ሰው ያደክማል።

ስለ ጭነቱ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ከእርዳታ ዕቃዎች መካከል ብዙዎቹ በአየር ትራንስፖርት ሕግ አደገኛ ጭነት ተብለው የተመደቡ ናቸው። የውኃ ማከሚያ ክሎሪን፣ ነዳጅ የቀረበት ጄኔሬተር፣ የሬዲዮና የሶላር ባትሪ በልዩ አስተሻሸግና ሰነድ ካልሆነ አይጫኑም። ደንቡ ለእርዳታ ሲባል አይነሣም፤ በአየር ላይ የሚነሣ እሳት ለማን እንደታሰበ አይጠይቅም።

በአገራችን የተሻለ ትዝታም አለ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ከቻይና የተላከው የመጀመሪያው የጃክ ማ ፋውንዴሽን ዕቃ መጋቢት 13 ቀን 2012 ዓ.ም አዲስ አበባ ገብቶ፣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለአፍሪካ አገሮች ተከፋፍሏል። ሚያዝያ 6 ቀን ደግሞ መንግሥትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በቦሌ የሰብዓዊ እርዳታ የአየር ማዕከል ከፈቱ። ቦሌ ሁለት ማኮብኮቢያዎች፣ ቀዝቃዛ መጋዘኖችና የሠለጠኑ ጭነት አውራጆች ስላሉት ይህ ተቻለ። ከቦሌ ወደ ወረዳው ያለው መንገድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲቀጥፍ፣ የተቀበሩትን ሲፈልግ የነበረው ጎረቤት ነው፤ በእጁና በአካፋ። ናዳ በደረሰበት ቦታ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የትኛውም አውሮፕላን አይቀድማቸውም።

ከአጥሩ ወዲህ ያለው ሥራ

በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የሚኖር ሰው ይህ ሁሉ የባለሥልጣናት ጉዳይ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። እንዲያ አይደለም። ዓለም አቀፉ ደንብ እያንዳንዱ ማረፊያ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ እንዲኖረው፣ ዕቅዱም በየጊዜው በተግባር ልምምድ እንዲፈተሽ ያዛል፤ ሙሉ ልምምድ ከሁለት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ይደረጋል። ልምምዱ የከተማውን ሆስፒታል፣ ፖሊስና እሳት አደጋ ያካትታል። የከተማ አስተዳደር ምክር ቤት አባል የመጨረሻው ልምምድ መቼ ተደረገ፣ የእርዳታ ዕቃ ቢመጣ የሚያርፍበት መጋዘን የትኛው ነው፣ ፎርክሊፍት ከማን ይገኛል ብሎ ቢጠይቅ ተገቢውን ሥራ ሠራ ማለት ነው። ከፍ ካለ የአውሮፕላን በር ፓሌት የሚያወርድ ማንሻ በሌለበት 100 ቶን ጭነት በሰው ትከሻ ሲወርድ አውሮፕላኑ ቀኑን ሙሉ መቆሚያውን ይዞ ይውላል።

ወፍን በተመለከተ ባሕር ዳር ሩቅ ምሳሌ አያስፈልጋትም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሲነሣ የርግብ መንጋ ገብቶበት ሁለቱም ሞተሮቹ ጠፉ፤ በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ወፍ የሚሰበሰበው ምግብ ባለበት ነው። የቄራ ተረፈ ምርት፣ የተጣለ የሞተ ከብት፣ ያልተሸፈነ ቆሻሻና ከአጥሩ ሥር የሚወቃ እህል ርግብና ጥንብ አንሳ ይጠራሉ። በእርዳታ ጊዜ ደግሞ የፈሰሰ እህል በመቆሚያው ላይ ይኖራል፤ በየዕለቱ መጠረግ አለበት። የተሰበረ አጥር አልፈው የሚገቡ ከብቶችም እንደዚሁ አብራሪው በመጨረሻው ሰከንድ ማረፉን እንዲተው ያስገድዱታል።

መንገድ በተቆረጠበት ቀበሌ የሚያርፈው ሄሊኮፕተር ነው፤ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያውን የሚያዘጋጀው ገበሬው ራሱ ነው። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ ድንጋይ፣ ጉቶና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት ይሁን። አቧራ እንዳይነሣ ሣር የለበሰ ቦታ ይመረጣል፤ ደረቅ መሬት ከሆነ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ላስቲክ፣ ቆርቆሮ፣ ባዶ ጆንያና ድንኳን የአየሩ ግፊት አንሥቶ ከተሽከርካሪው ክንፍ ጋር እንዳያጋጫቸው ይሰብሰቡ ወይም በደንብ ይታሰሩ። ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ አብራሪው እንዲያውቅ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ ማንጠልጠል ይበቃል። ካረፈ በኋላ የበረራ ሠራተኛው በእጁ እስኪጠራ ማንም አይጠጋም። ሲጠጋም ከፊት ለፊት፣ ሠራተኛው እያየው ይሁን፤ ከጭራው በኩል ያለው ትንሹ ተሽከርካሪ ሲዞር ለዓይን አይታይም። ሜዳው ተዳፋት ከሆነ ከታች ወደ ላይ ነው የሚቀረበው፤ ከላይ ለሚወርድ ሰው ትልቁ ክንፍ ከራሱ ጋር እኩል ይሆንበታል። ሕፃናትና እንስሳት ከሜዳው ርቀው በሰው ይጠበቁ፤ የተረጂዎች ዝርዝርና የሚረከቡት የኮሚቴ አባላት ስም ደግሞ ሄሊኮፕተሩ ሳይመጣ በፊት ይዘጋጅ፤ ጭነቱ እስኪወርድ አብራሪው ብዙ ጊዜ ሞተሩን አያጠፋም።